ቡናና ምሳ ይራራቁ

ምሳ ተበልቶ መሶቡ ሳይነሳ ከሰሉ ይያያዛል። የታጠበው ቡና ብረት ምጣዱ ላይ ይንጣጣል፤ ጭሱ በየተራ ለተቀመጡት ሲቀርብ በእጁ እያራገበ ወደ አፍንጫው የማይስብ የለም። ቡናው ተወቅጦ፣ ጀበና ገብቶ፣ ፈልቶና ሰክኖ አቦሉ ሲቀዳ የተበላው እንጀራ ገና ከጨጓራ አልወጣም። ሙግቱ ስለዚህች ሰዓት ነው። ቡና ይቅር የሚል የለም። ሰዓቱ ግን ይለወጥ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የወር አበባ የምታይ ወጣት ወይም ሕፃን ባለበት ቤት።

የነገሩ ባለቤት ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ውህድ ነው። ስሙ ክሎሪንን ቢያስታውስም ክሎሪን የሚባል ነገር የለበትም። ፊኖል ከሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች ወገን ሲሆን፣ ካፌይክ አሲድና ኪዊኒክ አሲድ ተጣምረው ይሠሩታል። ተክሉ የሚያመርተው ራሱን ከተባይና ከሻጋታ ለመከላከል ነው። የተላጠ ድንች ውሃ ውስጥ ሳይገባ ሲቆይ፣ የተቆረጠ ፖም ሳህን ላይ ሲውል ፊቱ ቡናማ የሚሆነውም ይህ ውህድና መሰሎቹ በኢንዛይም ታግዘው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃዱ ነው። ካልተቆላ የአረቢካ ቡና ደረቅ ክብደት ውስጥ ከ5 እስከ 8 በመቶ ያህሉ ክሎሮጀኒክ አሲድና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ካፌይን ከ1 በመቶ ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ስለ ቡና በተወራ ቁጥር ካፌይን ይነሳል፤ በብዛት የሚበልጠው ግን ሌላው ነው።

ብረት ምጣዱ ላይ ብዙው ይጠፋል። ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና ደህና መጠን ያስቀራል፤ እስኪጠቁርና ዘይቱ ላዩ ላይ እስኪያብረቀርቅ የተቆላው ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። የጠፋውም እንዲሁ በኖ አይቀርም። ጀርመናዊው የምግብ ኬሚስት ቶማስ ሆፍማንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ለስለስ ያለ ምረት የሚያገኘው ከክሎሮጀኒክ አሲድ ከሚወለዱ፣ ላክቶን ከሚባሉ ውህዶች ነው፤ ቆላው እየጠነከረ ሲሄድ እነዚያም ተሰባብረው ምላስ ላይ የሚቆየውን ኃይለኛ ምረት ይሰጣሉ። ስለዚህ ከአንድ ጆንያ የወጣ ቡና እንኳ በቆይዋ እጅ ይለያያል። በ200 ሚሊ ሊትር ቡና ውስጥ ከ70 እስከ 350 ሚሊ ግራም ክሎሮጀኒክ አሲድ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። የአገራችን ሲኒ ከዚያ በጣም ታንሳለች፤ ነገር ግን አቦል፣ ቶናና በረካ ሲደመሩ ልዩነቱ ይጠባል።

ይህ ውህድ የሚመሰገንበት ምክንያት አለ። በዓለም ዙሪያ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ 28 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ በቀን በሚጠጣው ቡና ላይ አንድ ስኒ በጨመረ ቁጥር በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል በ9 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ካፌይኑ በወጣለት ቡና ደግሞ በ6 በመቶ። ጣት ወደ ክሎሮጀኒክ አሲድ እንዲጠቁም ያደረገው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ካፌይኑ ወጥቶም ጥቅሙ ካልጠፋ ሌላ ሠራተኛ አለ ማለት ነውና። በጃፓንም ካልተቆላ ቡና የወጣ ጭማቂ ቀለል ያለ የደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ግፊት በመጠኑ ዝቅ እንዳደረገ በጥቃቅን ሙከራዎች ታይቷል። የስኳሩ ጥናት ግን ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ቡና የሚያዘወትር ሰው ከማያዘወትረው በሌላም በብዙ ነገር ሊለይ ይችላል።

ሆድ ውስጥ የሚሆነውም ከቤተ ሙከራው ብልቃጥ ይለያል። ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 በኔዘርላንድስ የተደረገ ጥናት፣ ከተወሰደው ክሎሮጀኒክ አሲድ ትንሹ አንጀት የሚመጥጠው ሲሶውን ያህል እንደሆነ አሳይቷል። የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ባክቴሪያዎች ይከፋፍሉታል፤ ወደ ደም የሚገባውም አብዛኛው መልኩን ከለወጠ በኋላ ነው። በብልቃጥ ውስጥ «አንቲኦክሲዳንት» ሆኖ የታየ ነገር በሰው ደም ውስጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል ብሎ መማል የማይቻለው ለዚህ ነው።

ይህን ልዩነት መዝለል ምን እንደሚያስከትል የአረንጓዴው ቡና ክኒን ታሪክ ያሳያል፤ ዛሬም በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ በሕንድ በ16 ሰዎች ላይ ተደረገ የተባለ ሙከራ ታተመ። ሰዎቹ በ22 ሳምንታት በአማካይ 8 ኪሎ ያህል ቀነሱ ተባለ። ከወራት በኋላ፣ ያኔ በአሜሪካ እጅግ ይታይ የነበረው የዶክተር መሐመት ኦዝ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ክኒኑን አሞገሰው፤ ገበያውም ጦፈ። ወጪውን የቻለው የቴክሳሱ አፕላይድ ፉድ ሳይንስስ፣ ጭማቂውን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሲመረምር ሙከራውን የመራው ሰው የተሳታፊዎቹን ክብደት በተደጋጋሚ እንደለዋወጠ፣ የሙከራውን ርዝመት እንዳዛባ፣ ማን ክኒኑን ማን ማስመሰያውን እንደወሰደም እንዳደባለቀ ደረሰበት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 የ3.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት በጸሐፊዎቹ ተሰረዘ። ዶክተር ኦዝ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርበው ስለ እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎቻቸው ተጠየቁ። ክኒኑ ግን ከመደርደሪያ አልወረደም። በአማርኛ «ተፈጥሯዊ፣ ጉዳት የለውም» ተብሎ ለእህቶቻችን በውድ ዋጋ የሚቀርበው ክኒን ዝናውን ያገኘው ከዚህ ከተሰረዘ ወረቀት ነው። ቡና አብቃይ አገር ውስጥ ይህ መሆኑ ያንገበግባል።

እንግዲህ ወደ ብረት እንምጣ፤ ከባዱ ነገር እዚህ ነው።

ደማችን ቀይ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ነው። ብረት ወደ ሰውነት የሚገባበት በር ሁለት ነው። በሥጋ፣ በዶሮና በዓሣ ውስጥ ያለው ብረት ሂም በሚባል ቀለበት ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚመጣ ቡናም ሆነ ሻይ ብዙ አይነካውም። በጤፍ፣ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው ግን ሽፋን የለውም። ክሎሮጀኒክ አሲድ በካፌይክ ወገኑ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የሃይድሮክሲል ክንዶች አሉት፤ በእነዚያ ያልተሸፈነውን ብረት ይቆልፈዋል። የተቆለፈው ብረት አንጀት ሊመጥጠው በማይችል መልክ ወደ ታች ወርዶ ይወጣል። ሻይ ውስጥ ያሉት ታኒኖች ደግሞ ከክሎሮጀኒክ አሲድም ይበረታሉ። ማየት የሚፈልግ ሰው የብረት ክኒን ሽፋኑን ልጦ፣ ፈጭቶ፣ ወፍራም ሻይ ውስጥ ይጨምር፤ ሻዩ ዓይኑ እያየ ይጠቁራል። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ጥቁር ቀለም የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ፣ ብረትን ከዕፅዋት ታኒን ጋር በማገናኘት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሞርክ፣ ሊንችና ኩክ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያልተሸፈነውን ብረት በራዲዮአክቲቭ ምልክት አድርገው ወደ ደም የገባውን ለኩ። ከሀምበርገር ጋር አንድ ስኒ ቡና ሲጠጣ ወደ ሰውነት የሚገባው ብረት በ39 በመቶ ቀነሰ፤ ሻይ ሲሆን በ64 በመቶ። ቡናው በወፈረ ቁጥር ጉዳቱ ጨመረ። ለእኛ የሚበልጠው ግን ስለ ሰዓት ያገኙት ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ብረቱ ምንም አልተነካም። ከምግቡ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ። ምግቡ ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት የሚወርደው ቀስ እያለ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የመጣው ቡና መንገድ ላይ ይደርስበታል።

ይህ ውጤት የአገራችንን ልማድ እንደ መስታወት ያሳያል። ከምሳ በኋላ፣ ወዲያው፣ ሦስት ዙር። ሲሆን ሲሆን የሚመረጠው ከምሳ በፊት ያለው ሰዓት ነበር።

በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መጠጦቹን ከዳቦ ጋር ፈተናቸው። ከ20 እስከ 50 ሚሊ ግራም ፖሊፊኖል፣ ማለትም የክሎሮጀኒክ አሲድና የታኒን ዓይነት ውህድ፣ ያለው መጠጥ የብረቱን መመጠጥ ከ50 እስከ 70 በመቶ፣ ከ100 እስከ 400 ሚሊ ግራም ያለው ደግሞ ከ60 እስከ 90 በመቶ ዝቅ አደረገው። የናና ሻይ ሳይቀር ከዚህ አላመለጠም። «ቡና ስለሚጎዳኝ የቅጠል ሻይ ነው የምጠጣው» የሚል ሰው በብረት በኩል ያተረፈው የለም። በሐረር የሚወደደው ቁጢ፣ በደቡብ ምዕራብ የሚጠጣው ጨሞም ከራሱ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ስለሆነ ክሎሮጀኒክ አሲድ አለው። ለነሱም ሰዓት ይመረጥላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አግኝቷል። ሁለቱም ቁጥሮች ከአምስት ዓመት በፊት ከነበሩት ከፍ ብለዋል። ሁሉም የብረት እጥረት ነው፣ ወይም ጥፋተኛው ቡና ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። ወባ አለ፤ በባዶ እግር የሚገባው የመንጠቆ ትል አለ፤ ደጋግሞ መውለድ አለ፤ ከሁሉ በላይ በቂ ምግብ ማጣት አለ። ቡና ከእነዚህ ጎን ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ወባን ለማጥፋት መንግሥትና ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ጀበናውን ሁለት ሰዓት ለማዘግየት የቤት ውሳኔ ይበቃል። ይህን ያህል ርካሽ ነገር አለመነገሩ ነው የሚያሳዝነው።

በተለይ በጾም። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀናት ገደማ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ይታቀባል። በእነዚያ ቀናት የሚያገኘው ብረት ሁሉ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚመጣው፣ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚቆልፈው ዓይነት ነው። ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጸና ከምግብ በፊት ቡና መጠጣት አይታሰብም፤ ገበታው ሲነሳ ደግሞ ጀበናው ይጠበቃል። በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበላ ሰው ቡናውን ወደ አስራ አንድ ሰዓት ቢገፋው ጾሙም ቡናውም በቦታቸው ይኖራሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ማታ የሚጠጣ ቡና እንቅልፍ እንደሚነሳ የታወቀ ነው፤ ከኢፍጣር በኋላ ለሚጠጡት ይህ ምርጫ ጠባብ መሆኑ አይካድም። ለነሱ ገበታው ላይ የሚደረግ ሌላ ነገር አለ።

ያም ቫይታሚን ሲ ነው። ብረቱን በሚመጠጥ መልክ ያቆየዋል፤ የፊኖሎቹንም ጫና በከፊል ያነሳል። ለዚህ ፋርማሲ መሄድ አያሻም። ስንግ ቃሪያ በጾም ገበታ ላይ ያለው ቦታ ለጣዕም ብቻ ቢመስልም ጥሬ ቃሪያ በቫይታሚን ሲ ከታወቁት አትክልቶች አንዱ ነው። ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ፣ ብዙ ያልበሰለ ጎመን፣ ከገበታ በኋላ ብርቱካን፣ ማንጎ ወይም ዘይቱን ያንኑ ይሠራሉ። ቫይታሚኑ በእሳት ስለሚጎዳ ጥሬው ይመረጣል። የእንጀራ ሊጥ መብላላቱም ይረዳል፤ በጤፉ ውስጥ ያለውን፣ ብረት የሚይዘውን ሌላውን ውህድ ፋይቴትን ይቀንሳልና። ባለሙያ እናት ሊጡን ሁለት ሦስት ቀን የምታቆየው ለዓይኑና ለጣዕሙ ብላ ቢሆንም ለደምም ሠርታለች።

«ቡና ከምግብ በኋላ ካልተጠጣ ራሴን ያመኛል፣ ምግቡም አይወርድልኝም» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ውሸታቸውን አይደለም። ካፌይን የለመደን ሰው ሰዓቱ ሲያልፍ ራሱን ያመዋል። ግን አዲሱም ሰዓት ይለመዳል። ሥርዓቱ ራሱም ያግዛል። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ደህና ጊዜ ይወስዳል፤ መሶቡ ሲነሳ ወዲያው ማያያዝ ቀርቶ ዕቃው ከታጠበ፣ ጎረቤቱም ከተጠራ በኋላ ቢጀመር አቦሉ ሲቀዳ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። የከተማው ልማድ ነው የሚብሰው። ምግብ ቤት ሳህኑ ሳይነሳ ማኪያቶ ይታዘዛል፤ ማሽኑም በደቂቃ ያወጣዋል። በዚያ ላይ የልጆቹ ጉዳይ አለ። በረካው ቀጠን ያለ ነው ተብሎ ለሕፃናት የሚሰጥበት ቤት ብዙ ነው፤ በቁርሳቸው ላይ ሻይ በዳቦ የሚሰጣቸውማ ከዚያም ይበዛሉ። በጥናቱ ከሁለት ሕፃናት ከአንዱ በላይ ደም አንሶት በተገኘበት አገር ይህ መቅረት አለበት፤ ለሕፃን ወተት፣ አጥሚት ወይም ውሃ ይሻለዋል።

ሥጋ ደጋግሞ የሚበላ፣ ደሙ ሙሉ የሆነ ጎልማሳ ወንድ በዚህ ሁሉ ብዙ መጨነቅ የለበትም። እንዲያውም ሰውነታቸው ብረት ከልክ በላይ የሚያከማች ሕሙማን አሉ፤ ለነሱ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ጭማሪውን ለማዘግየት ያግዛል። አንዱ ውህድ ለአንዱ ጥቅም፣ ለሌላው ጉዳት የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው። ለእናቶች ግን የሚያመዝነው ጉዳቱ ነው። በኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ ጥናት፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ቡና አዘውትረው የጠጡ እናቶች ሄሞግሎቢናቸው ካልጠጡት ዝቅ ብሎ፣ በጡት ወተታቸው ውስጥ ያለው ብረትም በሲሶ ገደማ አንሶ ተገኝቷል። ነፍሰ ጡሮች ካፌይንም በቀን ከ300 ሚሊ ግራም እንዳያልፉ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል። ነፍሰ ጡሮች በእርግዝና ክትትል ላይ አይረን የሚባለውን ክኒን በነፃ ይቀበላሉ። አገሪቱ ብዙ ገንዘብ ታወጣበታለች፤ እናቶቹም የማቅለሽለሹንና የሆድ ድርቀቱን ችለው ይውጡታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዙሪክ ብረት ባነሳቸው 34 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ 100 ሚሊ ግራም ብረት በውሃ ፈንታ በቡና ሲወሰድ የሚመጠጠው በ54 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቡናው ከቁርስ ጋር ሲሆን በ66 በመቶ ቀነሰ፤ ክኒኑ ያለ ቡና ከ80 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ጋር ሲወሰድ ግን በ30 በመቶ ጨመረ። ጠዋት በቡና ከተዋጠ ክኒን ሊመጠጥ ይችል ከነበረው ብረት ግማሹ ያህል ባክኗል ማለት ነው፤ እናቲቱ ግን «ክኒኑን ውጫለሁ» ብላ ታምናለች፣ ካርዷም እንዲሁ ይላል።

ጤና ሚኒስቴር ይህን ለማስተካከል አዲስ መድኃኒት መግዛት አይጠበቅበትም። በክኒኑ ከረጢት ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች አንድ መስመር ይታተም፦ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጥ፣ ቡናና ሻይ ከአንድ ሰዓት በፊት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን። ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ የተሰረዘ ጀበና ሥዕል ይበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ክኒኑ መወሰዱን ብቻ ሳይሆን በምን እንደተወሰደ ይጠይቁ። «በሻይ ነው የኔ እህት» የምትል እናት ካለች ሰዓቱን አብረው ያስሉላት፤ ጀበናዋ መቼ እንደሚጣድ፣ ምሳዋ መቼ እንደሚቀርብ ጠይቀው ክኒኑን ከሁለቱ ርቆ በሚገኝ ሰዓት ላይ ያኑሩላት።